ያለ ፍትሐት ማን ይቀብረኛል

ሳሉ የጀመረኝ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ብርድ ነው ብዬ ዳማከሴ ጨምቄ ጠጣሁ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር በላሁ፤ አልተወኝም። መስከረም ከጠባ በኋላ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር፣ ቀሚሴም ወገቤ ላይ ሰፋኝ። አንድ ጠዋት ደጅ አንሶላ ሳሰጣ ሳልኩና መዳፌ ላይ ተፋሁ። ደም ነው። አንሶላው ነጭ ስለነበር እሱን እንዳላበላሽ መዳፌን በቀሚሴ ጠረግሁ። ከዚያ አፌ ከልጅነቱ በለመደው «እመቤቴ» ሊል ተከፈተ። ዘጋሁት። የምጠራው አልነበረኝም።

ይህን የምጽፈው ታመው ለተኙ፣ ሞትን ለሚፈሩ፣ እንደ እኔም የሚጸልዩበት ለጠፋባቸው ሰዎች ነው። የሚያምን ሰው የራሱ መጽናኛ አለው፤ አልነካበትም። የተማርኩት መሠረተ ትምህርት ብቻ ስለሆነ የሆነውን እንደሆነ እናገራለሁ እንጂ ትንታኔ አላውቅም።

የምኖረው ቦሌ ነበር፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ፤ ያኔ አካባቢው ገሚሱ ቤት፣ ገሚሱ እርሻ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው። ልጄ አልማዝ ኮተቤ አግብታ መንታ ወለደች፤ ወንዱን እያሱ፣ ሴቷን ትርንጎ አልናቸው። በእኛ ሥርዓት ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። እያሱ ሲጠመቅ እኔ ትርንጎን ታቅፌ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሜ ነበር፤ ቀኗ ገና ነው። ከዚያ ሁለቱንም ትክትክ ያዛቸው። እያሱ ሞተ። ፍትሐት፣ የሟች ጸሎት፣ ተደገመለት፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ተቀበረ። ትርንጎ የተሻላት መስላ ነበር። ብዙም ሳትቆይ እሷም ደከመች። የሚያሰጋ ሕፃን ቀኑ ሳይደርስ እንደሚጠመቅ እናውቃለን፤ ግን ሰዓት እላፊ ነው፣ ከቤት የወጣ ይተኮስበታል። ሳይነጋ ሞተች። አልተጠመቀችምና ፍትሐት የላትም ተባለ። አባቷ ከአጥሩ ውጭ ባሕር ዛፎቹ ሥር ቆፍሮ ቀበራት።

ኑዛዜዬን የሚሰሙትን የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «በአንድ ማኅፀን ተኝተው የወጡ ናቸው። እሷ ምን አጠፋች?»

«ብትጠሩኝ አጠምቃት ነበር» አሉ።

«ሰዓት እላፊ ነበር፣ አባ።»

«አውቃለሁ፣ ወለተ ማርያም» አሉ በክርስትና ስሜ። « ሥርዓቱ ግን ይህ ነው።»

ያን ቀን እምነቴን አልጣልኩም። ያን ቀን ተቆጣሁ፤ የሚቆጣ ሰው የሚቆጣው አለው። እየቆየ ግን ቁጣዬ የሚያርፍበት አጣ። ስጸልይ ሰው የለቀቀው ቤት የማንኳኳ መሰለኝ። አቆምኩ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ይህን ሰማ። ቀበሌው በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ያካሂድ ነበር፤ እግዚአብሔር የለም ይባላል፣ እኔ አንቀላፋለሁ። «እማማ ዘነበች እንኳ ነቅተዋል፤ ለሕዝቡ ይናገሩልን» አለኝ። «ሰዓት እላፊውን ያወጀው ማን ሆነና ነው ለእናንተ የምናገረው?» አልኩት። ወደ ቤቴ ሄድኩ። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያንም ቀበሌም ወገኔ አልነበሩም። የታመምኩት እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው።

ሾላ በኩል ካለ ጤና ጣቢያ አክታ ሰጠሁ፣ ራጅ ተነሣሁ። ወጣቱ ሐኪም ፊልሙን ወደ መስኮቱ ይዞ በግራ ሳንባዬ አናት ያለውን ነጭ ደመና አሳየኝ።

«የሳንባ ነቀርሳ ነው፣ እማማ። ቲቢ። በየቀኑ መርፌ ይወጋሉ፣ ስትሬፕቶማይሲን ይባላል። ኪኒኑ ደግሞ ከዓመት በላይ ይቀጥላል። ተሻለኝ ብለው ካቆሙ ይመለሳል፤ ሲመለስ መድኃኒቱን ለምዶት ነው።»

«እሞታለሁ?»

«ካላቋረጡ አይመስለኝም።»

«አይመስለኝም» የሚለው ቃል ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

ኩባያዬንና ሳህኔን ለየሁ። ሊጠይቀኝ የመጣ ሁሉ ከበር አልፎ አይገባም። የዕድሜ እኩያዬ አስካለ በየጠዋቱ ከአጥር ወዲያ ሆና «ዘነበች፣ አለሽ?» ትላለች። «ዝም ካልኩ ገብተሽ እይ» እላታለሁ። አትገባም። አልማዝ ከመንታዎቹ በፊት የወለደቻት አንዲት ልጅ ቀርታላት ነበር፤ እሷን እንዳላስይዝባት አትምጪ ያልኳት እኔው ነኝ። የምትልከው ምግብ ደጅ ይቀመጥልኛል።

ስለ ፍርሃቱ ልንገራችሁ።

ሲኦልን አልነበረም የፈራሁት። እሱ ከእምነቱ ጋር ሄዷል። የፈራሁት አለመኖርን ነው። አውሮፕላን ሲነሣ ቆርቆሮዬ ይንቀጠቀጣል። ተኝቼ አዳምጠዋለሁ። ነገም ይነሣል። እኔ ሳልኖርም ይነሣል። ይህን ሳስብ ተነሥቼ ግድግዳውን እይዛለሁ። ግድግዳው አለ። እኔ አለሁ። እስከ መቼ? ማንን ልጠይቅ? ድሮ ቢሆን ዳዊት እደግም ነበር። ቃሉን በቃሌ አውቀዋለሁ። አፌ ይጀምረዋል። እኔ አቆመዋለሁ። ከበሽታው ይልቅ ይህ ደከመኝ።

አልማዝ መድከሜን ሰማችና የንስሐ አባቴን ይዛ መጣች። አባ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳያደርጉ አጠገቤ ተቀመጡ፤ ይህን ያደረገ ሌላ ሰው አልነበረም። «ተናዘዢ፣ ልጄ። ቀንዲል እንቀባሻለን፣ ቆርበሽ በሰላም ትሄጃለሽ። ንስሐ ካልገባሽ ግን ልጄ ናት ብዬ ልመሰክርልሽ አልችልም» አሉ። የንስሐ አባቱ ያልመሰከረለት ሰው ፍትሐት የለውም፣ ግቢ ውስጥም አይቀበርም። ይህን እናውቃለን።

ልዋሽ አሰብኩ። ቀላል ነበር። አምናለሁ ማለት፣ አንገት መድፋት፣ መቀባት። ፍርሃቱ የሚተወኝም መሰለኝ።

«አባ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ» አልኩ። «ለትርንጎ ፍትሐት ይድገሙላትና እኔ እናዘዛለሁ።»

«አልችልም» አሉ።

«እንግዲያው እኔም አልችልም። እሷ ሳትዋሽ ያጣችውን እኔ ዋሽቼ ላግኝ?»

አልማዝ አለቀሰች። «እማዬ፣ ለእኔ ስትዪ። ሰው ምን ይለኛል? የት ነው የምቀብርሽ?»

አባ ሲወጡ በር ላይ ቆመው «ደግሜ እመጣለሁ» አሉ። አልማዝ ግን ሳትሰናበተኝ ሄደች፤ ብዙ ጊዜም አልተመለሰችም፣ ምግቡን በጎረቤት መላክ ብቻ ቀጠለች።

«የት ነው የምቀብርሽ?» ያለችው ልቤ ውስጥ ቀረ። ፍርሃቴ ለካ ሁለት ሆኖ ተደባልቆብኝ ኖሯል። አንዱ አለመኖር ነው። ሌላው እንደ ቆሻሻ ብቻዬን መጣል ነው። ለሁለተኛው የሚመልስልኝ ሰው እንዳለ ገባኝ። እድራችን አለ። ባሌ ከሞተ ወዲህ አባልነቱ በእኔ ስም ነው፤ አንድም ቀን ከቀብር ቀርቼ አላውቅም።

የእድሩ ስብሰባ እሑድ ነበር፣ ከዳኛው ከጋሽ በየነ ግቢ። ጋሽ በየነ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። አፌን በነጠላ ሸፍኜ ከሰው ራቅ ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ተራዬ ሲደርስ ተናገርኩ። «ቲቢ ይዞኛል። ልሞት እችላለሁ። ንስሐ አልገባሁም፣ አልገባምም። ቄስ በሌለበት ትቀብሩኛላችሁ ወይ? በሕይወት እያለሁ ልወቀው።»

ልብስ ሰፊው ማሞ «ቄስ የሌለበት ቀብር የውሻ ቀብር ነው» አለ።

«የልጅ ልጄ ያለ ቄስ ነው የተቀበረችው። ውሻ ናት?» አልኩት።

ሌላው «ካድሬ አበላሽቷት ነው» ሲል፣ ቀበሌ ውስጥ የሚሠራ አንድ ሰው ጎኑ ተቀምጦ ነበርና የሚስል መስሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

አስካለ ተነሣች። «ይቺ ሴትዮ ቀብሯን ራሷ ልትመራ ነው። አልጋ ላይ ሆና፣ ቀና ብላ፣ ንፍሮው ጨው አንሶታል ትላለች።»

«ያንቺ ንፍሮ ከሆነማ መች ጨው አግኝቶ ያውቃል» አልኳት። ሰዉ ሳቀ። እሷም ሳቀች።

ጋሽ በየነ በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። «እድሩን ስናቋቁም ስለ ነፍስ የተዋዋልነው የለም። ሬሳ ልናነሣ፣ ድንኳን ልንተክል፣ ሐዘንተኛ ልናስተዛዝን ነው የተዋዋልነው። የነፍሱን ነገር ከባለቤቱ ጋር ራስዎ ይነጋገሩ። እኛ እናነሣዎታለን።»

«ከአጥር ውጭም ቢሆን?»

«ከአጥር ውጭም ቢሆን። ሸክሙ ያው ነው፣ ትከሻችንም ያው ነው። ብቻ እማማ፣ መርፌዎን ይጨርሱ፤ ሰሞኑን ቀብር በዝቶ ወገባችን ተቀንጥሷል።»

የተቃወመ ነበር፤ አጉረምርሞ ተቀመጠ። እኔ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብኩት።

የመጀመሪያው ፍርሃት ግን አልሄደም። ለእሱ ሐኪሙን ጠየቅሁት። ከመርፌው የተነሣ ጆሮዬ ጢዝ እያለ፣ ስራመድም እንደ ሰከረ ሰው እያንገዳገደኝ ስለነበር መጠኑን ሊቀንስልኝ አስጠርቶኝ ነው። «እሱን ተወውና፣ ሰው ሲሞት ምን ይሆናል?» አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም፣ እማማ። እስከዚያ ያለውን ግን አይቻለሁ። አብዛኛው ሰው መጨረሻው ላይ እየደከመ ይሄዳል፣ እንቅልፉ ይበዛል፣ አብዛኛውን ጊዜም አይሰማውም። የሚያስጨንቅ ነገር ቢኖር የምናስታግስበት አለን። እርስዎ ግን እዚያ አልደረሱም፤ አክታዎ እየጠራ ነው።»

ማንም እንዲህ አድርጎ ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ቄሱ ስለ ወዲያኛው፣ ካድሬው ስለ አብዮቱ ይነግሩኛል፤ ስለ መሞት ስጠይቅ ስለ መሞት የመለሰልኝ እሱ ነው።

አንድ ቀን አልማዝ መጣች። ሐኪሙ ከእንግዲህ አታስተላልፍም ማለቱን ሰምታለች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «ትፈሪያለሽ?» አለችኝ።

«በጣም።»

«እኔም እፈራለሁ። እጸልያለሁ፣ እቆርባለሁ፣ ግን እፈራለሁ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

የሚያምኑ ሰዎች ፍርሃት የሌላቸው፣ እኔ ብቻ የቀረሁ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ እሷ፣ «ስትሞቺ ብጸልይልሽ ትከለክዪኛለሽ?» አለች።

«ያንቺን አልከለክልሽም። እኔ ግን አልዋሽም።»

«ይሁን» አለች። ሳህኔን አንሥታ፣ ያን የለየሁትን፣ ምሳ አቀረበችበትና አብራኝ በላች።

ከዚያ ወዲያ ኃይሌ ቀስ እያለ ተመለሰ፤ መጀመሪያ እስከ ደጄ፣ ቀጥሎ እስከ ቧንቧው፣ በኋላም ከመገናኛ በኩል ያለውን መንገድ ጥላ ጥላውን ይዤ እያረፍኩ እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ በእግሬ መሄድ ቻልኩ፣ ቀሚሴም እንደገና ልኬ ሆነ። መርፌው አልቆ ኪኒኑ ብቻ ሲቀር ብዙ ሰው ድኛለሁ ብሎ ይተዋል፤ አንዱ አብሮኝ ይሰለፍ የነበረ ሰው እንዲህ አድርጎ ሲመለስ ሳንባው አልቆ ነበር። እኔ እልኸኛ ስለሆንኩ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ዋጥኩ። ሐኪሙ የመጨረሻውን ራጅ ሲያሳየኝ ደመናው ቦታ ላይ ትንሽ ጠባሳ ብቻ ቀርቶ ነበር። አባም እንዳሉት ደጋግመው መጡ፤ ስለ ዝናቡና ስለ ጉልበታቸው አውርተን ይሄዱ ነበር።

ሐኪሙን፣ ሳያሳምሙ የወጉኝን ነርሶች፣ የእድሬን ሰዎች አመሰግናለሁ። አባንም አመሰግናለሁ። ያን ቀን እሺ ብለው ሊያታልሉኝ ይችሉ ነበር፤ አላታለሉኝም፣ እኔም አላታለልኳቸውም። ሥርዓቱ ግን ዛሬም ፍትሕ አይመስለኝም፤ ይህንም ለእሳቸው ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ።

እናንተ ግን ኪኒናችሁን አታቋርጡ። ጠበል የምትሄዱም ብትሆኑ ኪኒኑን ይዛችሁ ሂዱ። ፍርሃቱ ሲመጣ በሚገባ እዩት፤ የተደባለቀ ነው። የሚቀብራችሁን የምትፈሩ ከሆነ ቀባሪዎቻችሁን ጠይቁ፤ ሕመሙን የምትፈሩ ከሆነ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ማንም የማይመልሰው የቀረውን ደግሞ ቢያንስ ለአንድ ሰው ጮክ ብላችሁ ንገሩት። ሰውዬው የሚጸልይም የማይጸልይም ይሁን፤ ብቻ አፋችሁን የማይዘጋ ይሁን። በፍርሃት ብቻ አታምኑ፣ በፍርሃት ብቻም አትካዱ።

ፍርሃቱ ይተዋችኋል ብዬ አልዋሻችሁም። እኔ ዘንድ አሁንም ይመጣል። ቁርሴን ስበላ መጥቶ ፊት ለፊቴ ይቀመጣል። አላባርረውም። እሱ እዚያ ይቀመጣል፤ እኔ እበላለሁ።