የሞክሼዬ መርዶ፦ ከአሰብ እስከ አትክልት ተራ

ሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ

ከአሰብ ስንነሣ ባሕሩ ገና አልነጋለትም። ሾፌሩ ጋሽ መሐመድ የወሎ ሰው ናቸው፤ ፊያት የጭነት መኪናቸው ላይ ማዳበሪያ ጭነዋል። እኔ ተሾመ በቀለ፣ የመርከብ ሞተረኛ፣ ከዓመት በኋላ ፈቃድ ወጥቼ ወደ እናቴ እየሄድኩ ነው።

«እናትህ መምጣትህን ታውቃለች?» አሉኝ።

«ድንገት ልደርስባት ነው።»

«እናት ላይ ድንገት አይደረስም፣ ልጄ» ብለው ማርሽ ቀየሩ።

ማክሰኞ

ሚሌ፤ አቧራና ፍየል። ኮምቦልቻ፤ ኬላ፣ ፍተሻ፣ የይለፍ ወረቀት። ማታ ከሰዓት እላፊ በፊት ደብረ ሲና ገባን። ትኩስ ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ የሚቆረጥም ብርድ።

ረቡዕ፣ ፒያሳ

እናቴ ወዳለችበት አፍንጮ በር ከመሄዴ በፊት ፈቃዴን ለማስመዝገብ ወደ ቢሮ ጎራ አልኩ። መርከበኛ የሚቀጥረው፣ መርከብ የሚያስጠግነው ድርጅታችን ከወርቅ ቤቶቹ በላይ ሁለት ክፍል ብቻ አለው። የቀረው ፎቅ የትልቁ የመንግሥት ኮርፖሬሽን ነው፤ የሳሙናም፣ የሚስማርም፣ የብርድ ልብስም ፋብሪካ፣ የእኛም ድርጅት በእሱ ሥር ናቸው።

የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ ወይዘሮ አልማዝ ቀና ስትል ማኅተሙ ከእጇ ወደቀ።

«በስመ አብ! ተሾመ በቀለ?»

«አቤት፣ እኔው ነኝ።»

«አንተ እኮ ከሞትክ ወርህ ነው! ለእናትህ መርዶ የነገርነው እኛው ነን!»

ወንበር መኖሩን ሳላይ ተቀመጥኩ። እሷ ሁለት ማኅደር አውጥታ ጎን ለጎን ዘረጋች። በሁለቱም ላይ ስሜ አለ፣ የአባቴም ስም አለ። የሚለየው የአያት ስም ብቻ ነው።

«ባሕር ውስጥ የወደቀው በሌላዋ መርከባችን ላይ ይሠራ የነበረው ሞክሼህ ነው። ኮርፖሬሽኑ የፋብሪካውንም የመርከቡንም ሠራተኛ ማኅደር አንድ ላይ ካደረገ ወዲህ… ቴሌግራሙን የተቀበለው ሰው የመርከቧን ስም አላነበበም። እኛም አላጣራንም።»

«የእሱ ቤተሰብስ?»

«አያውቁም። እናቱ አትክልት ተራ ሽንኩርት ትሸጣለች።»

ሞክሼዬን አውቀዋለሁ። አንዴ አሰብ ወደብ ላይ ሻይ ስንጠጣ «ቀድመህ እንዳታገባ፤ ሚስትህ ተሳስታ እኔ ጋ ትመጣለች» ብሎ አስቆኝ ነበር። መሞቱን የሰማሁት በእኔ ስም ነው።

አፍንጮ በር፣ ከሰዓት በኋላ

እናቴ እንዳትደነግጥ ወይዘሮ አልማዝ ቀድማ ገባች። ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ድምፅ እጠብቃለሁ። ጩኸት ስሰማ መታገሥ አቃተኝ፤ ገባሁ።

እናቴ ጸጉሯን ተላጭታለች፤ ፊቷ በእንባ ተቦርብሯል። አላቀፈችኝም። አፍንጫዬን፣ ጆሮዬን፣ በልጅነቴ የተቃጠለውን ክንዴን ዳሰሰች። ጠባሳውን ስታገኘው ነው እላዬ ላይ የወደቀችው። ጎረቤት እልል አለ።

ድንገት ቀና አለች። «ዝም በሉ!»

ክንዴን ሳትለቅ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ታዲያ እኔ ወር ሙሉ ያለቀስኩት የማን ልጅ ነው?»

ነገርኳት። ከዚያ ወደ ወይዘሮ አልማዝ ዞረች። «እናንተ እንደገና ከወረቀት ላይ አንብባችሁ ለእናቱ አትነግሯትም። እኔ እሄዳለሁ።»

ሐሙስ፣ ማለዳ

መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው። የሴትየዋን የዕድር ዳኛ ቀስቅሰን ከጎረቤቶቿ ጋር ወደ ቤቷ አመራን። አትክልት ተራ ከነቃ ቆይቷል፤ ተሸካሚዎች «ዞር በሉ!» እያሉ የጎመን ጭነት ተሸክመው ያልፉናል። እኔ ከሁሉም ኋላ እከተላለሁ።

በሩን ራሷ ከፈተች። ለገበያ ለብሳለች፤ መቀነቷን እያጠበቀች ነው። የዕድሩን ዳኛ አየች፣ ጎረቤቶቿን አየች። እጇ መቀነቷ ላይ ቀረ።

«ማነው?» አለች። «ማን ነው የሞተው?»

ዳኛው ባርኔጣቸውን አወለቁ። እናቴ ወደፊት ሄዳ ሁለት እጆቿን ያዘቻት።

«እህቴ፣ ልጅሽ አልቃሽ አጥቶ አልቀረም። ወር ሙሉ እኔ አልቅሼለታለሁ። አሁን አብረን እናልቅስለት።»