እስክንድር የገጠማት የኋላ ካሜራ

እስክንድር ጭሮ መናኸሪያ አጠገብ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። የእኔ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከእሱ ሱቅ ጋር በአንድ ግድግዳ ስለሚገናኝ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የብየዳውን ሽታ አብሬው ስምግ ኖሬአለሁ። ወሬ አያበዛም። መኪና ሲመጣለት ሹፌሩን "አስነሣው" ይለውና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፤ ከዚያ ወይ ይሠራዋል፣ ወይ ደግሞ "ይሄን አላውቀውም፣ ሌላ ሰው ጋ ውሰደው" ይላል። ሹፌሮች የሚያምኑት በሙያው ብቻ ሳይሆን የማያውቀውን አላውቅም ስለሚል ጭምር ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከሚስቱ ከዓይናዲስ ጋር ሁለት ሴቶች ልጆች አሳድጎ ድሯል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የመኪና ካሜራ መግጠም ዋና ሥራው ሆኖ ነበር። አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ ትገጠማለች፤ አደጋ ሲደርስ ትመሰክራለች ተብሎ የሚኒባስ ባለቤት ሁሉ ፈለጋት። መጀመሪያ ካስገጠሙት አንዱ አብዱልቃዲር ነው። አብዱልቃዲር ከጭሮ ሂርና ሚኒባስ ይነዳል፤ እስክንድርን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያውቀዋል። ተራው እስኪደርስ ከእስክንድር ሱቅ ደፍ ላይ ተቀምጦ ያወራል። የሚያወራው እሱ ብቻ ነው፤ እስክንድር እጁን ሳያቆም ይሰማዋል፣ አንዳንዴም በአፍንጫው ይስቃል።

በዚያ መስመር ላይ ሙሚናን የማያውቅ አልነበረም። የመሰላ ሴት ናት። ሽንኩርትና ድንች ጭሮ አምጥታ ትሸጥና ሐሙስ ሐሙስ ማታ በአብዱልቃዲር ሚኒባስ ትመለሳለች። መንገደኛው ሁሉ አዮ ሙሚና ይላታል፤ በኦሮምኛ እናት እንደ ማለት ነው። ከሹፌሩ ኋላ ያለችው ወንበር የእሷ ናት፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ከተቀመጠባት አብዱልቃዲር ራሱ ያስነሣዋል።

ባለፈው ክረምት አንድ ሐሙስ፣ ሊመሽ ሲል፣ ዝናብ እያካፋ አብዱልቃዲር መሰላ መገንጠያው ላይ አቆመላት። ወረደች። በሚኒባሱ ኋላ ዞራ ወደ ማዶ ልትሻገር ስትል ከኋላ በፍጥነት የመጣ የጭነት መኪና ገጭቷት አለፈ። አልቆመም። አብዱልቃዲር ድምፁን ሰምቶ ዘሎ ሲወርድ የመኪናው ቀይ መብራት መታጠፊያው ላይ ሲሰወር ብቻ አየ። ከተሳፋሪዎቹ ጋር አንስተዋት፣ ሚኒባሷን አዙሮ ወደ ጭሮ በረረ። ሆስፒታል ሳይደርሱ አረፈች።

የሁሉም ተስፋ ካሜራዎቹ ላይ ነበር። ፖሊስ ሜሞሪውን አውጥቶ ከፈተው። የፊተኛዋ ካሜራ የጭነት መኪናውን ጀርባ አጥርታ ይዛዋለች፤ ግን የኋላ ታርጋው በጭቃ ተሸፍኗል፣ መኪናውም በዚያ መንገድ ቀን ከሌት ከሚመላለሱት ከመቶዎቹ አይለይም። የፊት ታርጋውን ማየት የምትችለው የኋላዋ ካሜራ ነበረች። እሷ ያመጣችው ጨለማ ነው። ሁለት ያበጡ የመብራት ነጥቦች እየቀረቡ ይመጣሉ፣ ይሰፋሉ፣ ያልፋሉ። ሌላው ሁሉ ጥቁር ነው። ሙሚና እንኳ አትታይም።

ወሬው የተነሣው ከዚህ ነው። የፊተኛዋ ጥርት ብላ የኋላዋ እንዴት ትጨልማለች? በማግስቱ መናኸሪያው ውስጥ አንዱ አንድ ነገር አለ፣ ሌላው ጨመረበት። ቅዳሜ ገበያ ላይ አብዱልቃዲር የጭነት መኪናውን ሹፌር ያውቀዋል፣ ሆን ብሎ ነው ያበላሸው የሚለው ነገር እንደ እውነት ይወራ ጀመር። የሙሚና ዘመዶች መናኸሪያው መጥተው ቆሙ። አልሰደቡትም፣ አልነኩትም። ሰላም ሲላቸው ግን አልመለሱለትም።

ሰኞ ጠዋት አብዱልቃዲር ሚኒባሷን አምጥቶ ሱቁ በር ላይ አቆመ። እስክንድርን የለመነው አንድ ነገር ነው፤ ካሜራዋ ለምን እንዳጨለመች ፈልጎ እንዲያገኝለትና ለፖሊስ እንዲናገርለት። ፊቱ በሦስት ቀን ውስጥ ከስቷል።

እስክንድር እንደ ልማዱ ከቀላሉ ጀመረ። ሌንሷን በለስላሳ ጨርቅ ጠረገ፤ ያን ያህል ቆሻሻ የለባትም። ሌላ ሜሞሪ ከቶ ሞከረ፤ ምስሉ ያው ነው። ከዚያ ገመዱን ጠረጠረ። ከፊት ተነሥቶ በጣሪያው ውስጥ ለውስጥ እስከ ኋላ በር የሚሄድ ረጅም ገመድ ነው፤ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ስለሚታጠፍ ኃይል ሳያንሳት አልቀረም ብሎ አዲስ ገመድ ዘረጋ። ምስሉ አሁንም ያው ጨለማ ነው። ዝናብ ያዘለ ደመና ስለነበር ቀኑ ራሱ ደብዝዟል። በመጨረሻ ካሜራዋ ራሷ ተበላሽታ ይሆናል ብሎ ከካርቶን አዲስ አውጥቶ በቦታዋ ተካ። አዲሲቱም አጨለመች።

አብዱልቃዲር የዙህር ሶላት ሰዓት ደርሶ መስጊድ ሄዷል። እኔ ሱቄ በር ላይ ቆሜ አያለሁ። እስክንድር የኋላውን በር ከፈተና ካሜራዋን በእጁ ይዞ ወደ ውጭ አወጣት። የካሜራዋን ምስል በሚያሳየው ስልኩ ላይ መንገዱ፣ ባጃጆቹ፣ የማዶው የዳቦ ቤት ሰሌዳ ጽሑፍ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ መጣ። በሩን ዘግቶ ከውስጥ መስታወቱ ላይ ሲያስጠጋት ሁሉም ጠፋ። አወጣት፤ በራ። አስገባት፤ ጨለመ። ከዚያ ካሜራዋን እንደያዘ መስታወቱን በጣቱ ዳሰሰ።

የኋላ መስታወቱ ላይ ጥቁር ላስቲክ አለ። ፀሐይ እንዳያስቸግር ተብሎ የተለጠፈ ነው፤ የለጠፈውም እስክንድር ነው። ካሜራዋን ሲገጥም በሌንሷ ልክ ላስቲኩን ቀዶ ማንሣት እንዳለበት ያውቅ ነበር፤ ግን ተወው። የተቀደደ ላስቲክ መልኩ አያምርም፣ አብዱልቃዲርም ተራው ደርሶ ይቸኩል ነበር። በዚያ ላይ የሞከራት እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ሳለ ነው፤ በዚያ ብርሃን በላስቲኩ ውስጥም ቢሆን ምስሉ ጥሩ ነበር። ሸኘው።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። ግንቦት ላይ አብዱልቃዲር፣ ከኋላ የሚመጣ መኪና መብራት ሲያበራ ምስሉ ይነጣል ብሎ ነግሮት ነበር። እስክንድር ስልኩ ላይ የካሜራዋን ማስተካከያ ከፍቶ የብርሃኑን መጠን ሁለት ደረጃ ዝቅ አደረገለት። መብራቱ መንጣቱን ተወ። ከላስቲኩ ጋር ተደምሮ ግን ምሽትና ዝናብ ሲሆን ካሜራዋ ከመብራት በቀር ምንም እንዳታይ ሆነች። ይህን ሁሉ በኋላ የነገረኝ እሱ ራሱ ነው።

አብዱልቃዲር ከመስጊድ ተመልሶ ተገኘ ወይ ብሎ ሲጠይቀው እስክንድር ቀና ሳይል ገና እያየሁት ነው አለው።

አራት ቀን እንዲያ ሲል ቆየ። መጀመሪያ የተቀረጸውን ማዳን ይቻል እንደሆነ ብሎ ከፖሊስ የተገኘውን ቅጂ ሰርግ የሚቀርጸው ጌዲዮን ጋ ወሰደው። ጌዲዮን ኮምፒውተሩ ላይ ብርሃኑን ከፍ ሲያደርገው ጥቁሩ ግራጫ ሆነ፤ በግራጫው ውስጥ አሸዋ የመሰለ ነገር ፈላ። ከሚኒባሱ ጥግ አንድ ጥላ ወጥቶ ሁለት እርምጃ ሲራመድ ታየ። ታርጋው ግን የለም። ጌዲዮን ደጋግሞ ሞክሮ፣ ካሜራዋ ስትቀርጽ ያልገባላትን ብርሃን አሁን ከየትም ማምጣት አይቻልም፣ ያለውን ቢያጎሉት የሚጎላው ቆሻሻው ነው አለው። እስክንድር ያቺን ጥላ አንዴ ካየ በኋላ ማየት አልፈለገም፤ ፊቱን አዙሮ ተቀመጠ።

በእነዚያ ቀናት ቤቱ እህል አልበላም፣ ምን ሆኖ ነው ብላ ዓይናዲስ እኔን ጠይቃኛለች። እስክንድር ማንም እንደማያውቅበት ያውቅ ነበር። ካሜራዋ ርካሽ ናት፣ ተበላሽታ ነው ቢል ማን ሊመረምረው? አላለም። እውነቱንም አልተናገረም። የአብዱልቃዲር ሚኒባስ ግን ሰው ታጣ ጀመር። ተሳፋሪ መጥቶ ያያትና ቀጣዩን እጠብቃለሁ እያለ ይርቃል።

ዓርብ ከሰዓት አብዱልቃዲር መጥቶ እንደ ድሮው ደፉ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ "አንተም እንደ እነሱ ታስባለህ እንዴ? ስለዚህ ነው ዝም ያልከኝ?" አለው።

እስክንድር መብራት የሚፈትሽበትን ሽቦ አስቀመጠ። "ያጨለምኳት እኔ ነኝ" አለው። ላስቲኩን፣ ማስተካከያውን፣ እኩለ ቀን ላይ መሞከሩን አንድ በአንድ ነገረው። እኔ ግድግዳው ማዶ ሆኜ ሰማሁ፤ ድምፁ ዕቃ እንደሚቆጥር ሰው ድምፅ ደረቅ ነበር።

አብዱልቃዲር እስኪጨርስ ጠበቀው። "መቼ አወቅህ?"

"ሰኞ። መስጊድ ሳለህ።"

"ዛሬ ዓርብ ነው፣ እስክንድር።" ተነሥቶ ሱሪውን አራግፎ ሄደ። ላስቲኩንማ ይቅር ይለው ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ማንም የሚሳሳተው ስሕተት ነው። አራቱን ቀን ግን አልቻለም።

በማግስቱ እስክንድር ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ሰጠ። መርማሪው መጀመሪያ አላመነውም፤ ጓደኛውን ሊያድን የመጣ መሰለው። ስለዚህ ሚኒባሷ ጣቢያው ግቢ ተወስዳ እዚያው አሳየ። ካሜራዋን ከበሩ ውጭ፣ ካሜራዋን ከላስቲኩ ኋላ። ከዚያ በሌንሷ ልክ ላስቲኩን በምላጭ ቀዶ አነሣና ማስተካከያውን ወደ ነበረበት መለሰ። በግቢው ጥግ የቆመች የፖሊስ መኪና ታርጋ ስልኩ ላይ ተነበበ። መርማሪው ጽፎ አስፈረመው። አብዱልቃዲር ምንም እንዳላጠፋ ተመዘገበ። ስለ ጭነት መኪናው ግን አዲስ የተገኘ ነገር አልነበረም።

እሑድ እስክንድር መሰላ ወረደ። ብቻህን አትሂድ ብዬው አብሬው ሄድኩ። የሙሚና ልጅ ኩብራ ልብስ ሰፊ ናት፤ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናዋ ተሸፍኖ ቆሟል። ለሐዘን የመጡ ሴቶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። እስክንድር ካስተዛዘነ በኋላ የመጣበትን ነገር በቀስታ ነገራት። ቀላል ቃል እየመረጠ፣ ሳያሳጥር፣ ሌላ ሰው ላይ ሳይጥል ተናገረ።

ኩብራ ራሷን በሻሿ ሸፍና አቀርቅራ ሰማችው። ሲጨርስ የጠየቀችው ታርጋው ከእንግዲህ ሊታይ ይችል እንደሆነ ብቻ ነው። አይታይም አላት።

"ጋሼ፣ እኔ አብዱልቃዲርን ስረግም ሰነበትኩ" አለች። "በእናቴ ቀብር ላይ ቆሞ ሲያለቅስ፣ ውሸቱን ነው ብዬ ለሰው ተናግሬአለሁ። ያን ሁሉ አሁን የት ላድርገው?"

እስክንድር ይቅርታ ጠየቃት። እሷም ይቅር አልኩህ አላለችም፣ አላልኩህምም አላለችም። ለመሄድ ስንነሣ ከሴቶቹ አንዷ ውኃ አቀረበችልን፤ ሳንጠጣ መሄድ ነውር ስለሆነ ቆመን ጠጣን።

ኩብራ ከሳምንት በኋላ ጭሮ መጥታ አብዱልቃዲርን ይቅርታ ጠይቃዋለች። እሱም አላህ ያጽናሽ ብሎ ሸኛት። መናኸሪያው ውስጥ ያለው ወሬ ግን በአንድ ጊዜ አልበረደም። ሰው ቶሎ የሚያምነው መጥፎውን ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ሁለቱ ጓደኛሞች ተመካክረው ነው የሚል አዲስ ወሬ ጨመረ። መስከረም ሳይገባ አብዱልቃዲር ሚኒባሷን ለሌላ ሰው ሸጦ ወደ ድሬዳዋ ሄደ። እዚያ የሰው መኪና ይነዳል ይባላል። ለእኔ ደውሎ ተሰናብቶኛል። ለእስክንድር አልደወለም።

እስክንድር ካሜራ የገጠመላቸውን መኪኖች ዝርዝር አወጣ። ሠላሳ አንድ ናቸው። ሹፌሮቹን እየጠራ በነፃ ላስቲኩን ሊቀድላቸው፣ ምስሉንም አመሻሽ ላይ ደግሞ ሊሞክርላቸው እንደሚፈልግ ነገራቸው። አሥራ ዘጠኙ መጡ። የቀሩት፣ ወይ መስታወቴ ይበላሻል አሉ፣ ወይ ከእንግዲህ እሱን አናምነውም ብለው ሌላ ሰው ጋ ሄዱ። እነሱን ለማግባባት መናኸሪያው ውስጥ ከመኪና መኪና ሲዞር አየሁት፤ ቀድሞ ሰው ይመጣለት ነበር እንጂ እሱ ወደ ሰው ሄዶ አያውቅም ነበር።

የሙሚና መዝገብ ተከሳሽ ስላልተገኘ ተዘግቷል። አሁን እስክንድር ዳይናሞና ባትሪ ብቻ ይሠራል፤ ካሜራ ግጠምልን የሚሉትን አልገጥምም ይላቸዋል፣ ለምን ሲሉትም ምክንያቱን ሳይደብቅ ይነግራቸዋል። አንዳንዱ ያዝንለታል፣ አንዳንዱ ፈገግ ብሎ ይሄዳል። እሱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ነግሮ ሲጨርስ ወደ ሥራው ይመለሳል። ደፉ ላይ የሚቀመጥ ሰው ግን የለም። እኔ አንድ ሁለቴ ተቀምጬ ላጫውተው ሞክሬ ነበር። ይሰማኛል፤ በአፍንጫው ግን አይስቅም።