እንዴት ዋልክ ያልኩበት ቀን

በ2008 ዓ.ም. የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው ነበርኩ። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የገበሬውን መሬት ሊወስድ ነው ተብሎ አገሩ የታመሰበት ጊዜ ነው። ሱሉልታ በተጠራ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ፣ መሬቴን ለማንም አልሰጥም አልኩ። ሌላ ነገር አልተናገርኩም። በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ላም እያለብኩ ሳለ የመንግሥት ታጣቂዎች መጡ። ልጨርስ አልኳቸው። አንደኛው ባልዲውን በእግሩ ገፋው። ላሚቱ ግማሽ ታልባ ቀረች፤ ጡቷ ያብጥባታል እያልኩ መኪና ላይ ወጣሁ። ስለ ራሴ ማሰብ የጀመርኩት ቡራዩን ካለፍን በኋላ ነው።

ያስገቡን ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ነው። መስኮቱ በቆርቆሮ ተመትቷል። አምፖሉ ሌት ተቀን ይበራል። ሃያ ስምንት ሰው ነን፤ ቦታው ለግማሻችን እንኳ መኝታ አይበቃም። ሰዓትና ስልክ በር ላይ ተቀብለውናል። ምግቡን ደግሞ ሆን ብለው ያዘበራርቁታል። ሻይና ዳቦ ይሰጡና ትንሽ ቆይተው እንደገና ሻይና ዳቦ ያመጣሉ። አንድ ቀን አልፎ ይሁን ሁለት ቀን አታውቀውም።

ከሁሉ የከበደኝን ልንገራችሁ። ሰላምታ መስጠት አቃተን። ሰው ከእንቅልፉ ይነቃና አጠገቡ ያለውን ያያል፤ እንዴት አደርክ ይበል እንዴት ዋልክ አያውቅም። በኦሮምኛም ያው ነው፤ አካም ቡልተ ለማለት ሌሊቱ ማለፍ አለበት። ስለዚህ ዝም ይባባላሉ። ዝም ሲባባሉ ሰንብተው ይጣላሉ። እግር ለመዘርጋት ብሎ ሰው ሰውን ሲነክስ በዓይኔ አይቻለሁ።

በግራዬ የሰበታ መምህር ነበር። ውስጥ እግሩን ገርፈውት መቆም አይችልም፤ ቁስሉ መሽተት ጀምሯል። በቀኜ የቡራዩ ባለሱቅ፣ ሙስሊም ነው። የትኛውን ሰላት እንደሚሰግድ አላውቅ ብሎ ግንባሩን ከግድግዳው ጋር ያጋጫል። አንድ ጊዜ ሲበዛብኝ፣ አሁን ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ስገድ አልኩት። በምን አወቁ አለኝ። እጄ ነገረኝ አልኩት።

እውነቴን ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ንጋት አስራ አንድ ሰዓትና ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አልቤያለሁ። ሰዓቱ ሲደርስ መዳፌ ይሞላል፣ ጣቶቼ በራሳቸው ይታጠፋሉ። ይስቁብኛል ብዬ ነበር። መምህሩ ግን ከተኛበት ቀና አለ።

"ኦቦ፣ አንቱ ሁለቱን ሰዓት ይስጡን፣ የቀረውን እኛ እንከፋፍለዋለን።"

ከፋፈሉት። ባለሱቁ ዚክሩን፣ የፈጣሪውን ውዳሴ፣ በጣቱ እየቆጠረ በሁለቱ መሃል ያለውን ጊዜ ለካ። መምህሩ በሱሪው ዚፕ ጫፍ ግድግዳው ላይ፣ ዝቅ አድርጎ፣ ሦስት ረድፍ ጭረት ጫረ። በሦስት ተከፈልን፤ አንዱ ወገን ሲተኛ አንዱ ይቀመጣል፣ አንዱ ይቆማል፤ ከዚያ ይቀያየራል። ለመምህሩ ሁለት የመኝታ ተራ ሰጠነው። ለጭንቀት እንኳ ሰዓት ወጣለት። ስለ ቤቱ የሚብሰለሰል ከዘጠኝ በኋላ ይብሰልሰል፣ ከዚያ ውጪ ክልክል ነው ተባለ። አንድ የመናገሻ ሰው የኔ በዚያች ሰዓት አያልቅም፣ ትርፍ ሰዓት ይፈቀድልኝ ብሎ አሳቀን። መናከሱ ቀረ። ሰው እንቅልፍ አገኘ። እንዴት አደርክ መባባል ጀመርን።

ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ጠባቂው በሩን ከፍቶ ዳቦ ይዞ ገባ። ቁርስ ብሎ ነው ያመጣው። እኔ ገና የዘጠኝ ሰዓቱን አልቤ እንደተነሳሁ ያህል እጄ ቀልሎኝ ነበርና፣ ሰው ሲገባ ዝም አይባልም ብዬ፣ እንዴት ዋልክ አልኩት።

ዳቦውን እንደያዘ ቆመ። የእጅ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ። ወጣ። ተመልሶ ሲመጣ አራት ሆነው ነው። ግድግዳውን ሁሉ በባትሪ ፈተሹ፣ ጭረቱን አገኙት። መምህሩ ዓይኑን ጨፈነ። ያን እግር አንዴ ከደገሙት ሰውየው እንደማይተርፍ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ፕሮግራም አውጥታችኋል፣ ማነው ያደራጃችሁ አለ አለቃቸው። እኔ ነኝ አልኩ። ሳቀ።

"አንተ ሽማግሌ፣ ማንበብ ትችላለህ?"

"ስሜን።"

"ታዲያ ይሄን ማን ጻፈው?"

"ጭረት ለመጫር ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።"

ሌላ ቤት ወሰዱኝ። በምን ሰዓቱን እንደማውቅ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ሌላው ሞኝነቴ ይሄ ነው። እጅህን ዘርጋ አሉኝ። በኬብል መቱኝ፣ መጀመሪያ መዳፌን፣ ቀጥሎ ጣቶቼን ጠረጴዛ ላይ አስዘርግተው። እስኪደክማቸው ድረስ እየተቀባበሉ ነው። መሃል ላይ አንደኛው ስንት ሰዓት ሆነ ይለኝና ይስቃሉ። መልሰው ሲያስገቡኝ ያ ጠባቂ አብረውኝ የታሰሩትን፣ ሰዓታችሁ ቆሟል፣ ባትሪ ቀይሩለት አላቸው። ከዛሬ ጀምሮ ያለ ፈቃድ የሚተኛ የለም፣ ሁላችሁም ቁሙ ብሎ በሩን ዘጋው።

እጄ አብጦ ያለማቋረጥ ይጠዘጥዘኝ ስለነበር ሰዓት ጠፋኝ። ባለሱቁ ሲጠይቀኝ አላውቅም አልኩት። አላለቀሰም፤ ዚክሩን ቆጥሮ ራሱ ይደርስበታል ብዬ ተውኩት።

አሁን የሚያልበው ልጄ ነው፤ ጣቶቼ አይጨብጡም። ዘንድሮ ቀበሌ አዳራሽ ጠርተውን አንዲት ወጣት ሴት ጊዜን ስለ መጠቀም አስተማረችን። ጭንቀት እንዲቀንስላችሁ ቀናችሁን ከፋፍሉ፣ ለየሥራው ሰዓት ስጡ አለች። ልክ ናት፣ እኔ ምስክር ነኝ። የራሱን ቀን የከፋፈለ ሰው ማንን እንደሚያስቆጣ ግን አልነገረችንም። ጥያቄ ያለው ሲባል እጄን አላወጣሁም።

እጄን የመቱኝ ዕለት ሌሊቱን አብዛኛውን ቆመን ነው ያሳለፍነው። መምህሩን ሁለት ሁለት እየሆንን በብብቱ ያዝነው። በኋላ ሰውየው ክብደቱን ሁሉ ለቀቀብን። ይበቃል፣ ሰዓቱን ወሰዱብን እንጂ ተራውን አልወሰዱብንም አልኳቸው፤ አስተኛነው፣ እኔም ተቀምጬ እግሩን እግሬ ላይ አሳረፍኩት። ጠዋት መሆኑን ያወቅሁት በሩ ተከፍቶ ብርዱ ሲገባ ነው። ያው ጠባቂ ነው። የተኛውን አየና ማን ፈቀደለት አለ። እኔ ከተቀመጥኩበት በክርኔ ተደግፌ ተነሳሁና በሩና መምህሩ መሃል ቆምኩ።

"ተራው ነው" አልኩት።