ሆዮ፣ ቢዮ

አስተማሪነቱንም፣ ባጃጁንም፣ ሞባይል መሸጡንም ሞክሬ በሠላሳ አራት ዓመቴ የሶላር ፓምፕ ጥገና ጀመርኩ። ተመስገን ነው፣ ከሁሉም የተሻለ የሚከፍለኝ ይህ ሥራ ሆነ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ሶማሌ ክልል፣ ጉናጋዶ ነበር። ያኔ የማውቀው ሶማሊኛ ሁለት ቃል ነው፤ "ሆዮ" እናት፣ "ቢዮ" ውሃ። የውሃ ጉድጓዱ ባለቤት አሮጊት ከደጃፋቸው ሆነው ጀሪካን እያሳዩ "ሆዮ፣ ቢዮ!" ይሉኛል። ጀሪካኑ ባዶ፣ እናታቸውም በውሃ ጥም ሊሞቱ መስሎኝ በዚያ ፀሐይ ቀና ሳልል ሠራሁ። ፓምፑ ውሃ መትፋት ሲጀምር አንድ ጆግ ቀድቼ ወደ ቤታቸው ሮጥኩ።

"እናትዎ የታሉ?"

አሮጊቷ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ለካ አማርኛም ይሞክራሉ፤ "እናቴማ ድሮ ሞታለች" አሉኝ። "እኛ ጋ እናት ልጇን 'ሆዮ' ብላ ነው የምትጠራው። ጀሪካኑ ሙሉ ነው፤ ጠጣ ማለቴ ነበር፣ ልጄ!"