የጋሽ ላጲሶ ስንዝር

«ስንዝሬን አምጡ! ሌላ ወሬ አልፈልግም፣ ስንዝሬን አምጡ!»

ጋሽ ላጲሶ እንዲህ ሲጮሁ ጎሮ ያለው የማህበራችን ቦታ ላይ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሳቀ። መሬቱ ለአስራ ሁለት ቤተሰብ በጋራ የተሰጠ ነው፤ አስራ አራት ዓመት ጠብቀነዋል። በአንድ መስመር ለእያንዳንዱ አስር አስር ሜትር ብለን ችካል ተከልን፤ ሰውየው ደግሞ ለስንዝር ይጣላሉ!

«ጋሼ፣ ስንዝሯ ላይ ምን ሊሠሩ ነው? ጎመን ሊተክሉ?» አለች ሰብሳቢያችን ፈቲያ። የመጨረሻው ቦታ የእሷ ነው፤ መሠረቷን እስከ ጎረቤቷ ችካል ድረስ አስቆፍራለች።

«የማዕዛ ዊልቸር ይለፍባት!»

ሳቁ ቀጥ አለ። እትዬ ማዕዛ ሚስታቸው ናቸው። ጋሽ ላጲሶ ከሆሳዕና መጥተው ሠላሳ ዓመት በግንበኝነት የኖሩ ሰው ናቸው። ገርጂ ውስጥ ስንቱን አጥር ገንብተዋል፤ አንዱም የራሳቸው አይደለም። አሁን ቤታቸው ጭንቅላታቸው ውስጥ ተሠርቶ አልቋል። ስንዝር ከጎደለች ከኮሪደሩ ነው የምትጎድለው፤ ዊልቸሩ አያልፍም።

«በምን ለኩት?» አለች ፈቲያ።

«በእግሬ።»

እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ የያዝኩት ሙያ ሰው መቅዳት ነው። የጋሽ ላጲሶን ሳል፣ ቁጣ፣ ሁሉንም እችላለሁ። ያን ቀን ያየሁትን ግን ማንም አይቀዳውም። ዓይናቸውን ጨፍነው ከመሬቱ መጀመሪያ ጠርዝ ተነሱ። አንድ እርምጃ አንድ ሜትር ነው። አስረኛው እርምጃ ላይ ቆሙ፤ እግራቸው ችካሉን በስንዝር አልፏል። ሃያኛው ላይ በሁለት ስንዝር። ድንጋዩን፣ ቦዩን እየረገጡ አስራ አንደኛውን ችካል በአስራ አንድ ስንዝር አለፉት። መቶ ሃያኛው ላይ ቆሙ። የጫማቸው ጫፍ የመጨረሻውን ችካል ነካ። በቃ፣ ነካ!

«መሬቱ ልክ ነው» አሉ ዓይናቸውን ሲገልጡ። «ከአስራ አንዳችን የጎደለው አስራ አንድ ስንዝር ፈቲያ ጋ ነው። ታዴዎስ፣ በየትኛው ሜትር ነው የለካኸው?»

ቦታውን የለካልን ታዴዎስ ሜትሩን ከኪሱ አወጣ። ባለ አምስት ሜትር፣ ጫፉ የተቆረጠ፤ ከአስር ሳንቲ ሜትር ነው የሚጀምረው።

«አስሯን አስቤያታለሁ!» አለ።

«ለአንድ ቦታ ሁለቴ ነው የምትዘረጋው፤ ሁለቴ አስር አንድ ስንዝር ነው። ሁለቴም አስበሃታል?»

«አዎ… መሰለኝ።»

«እግር ሜትር አይደለም!» ፈቲያ ጮኸች። «አዲስ ይገዛ። እርስዎ ልክ ከሆኑ መሠረቴን ራሴ እደፍነዋለሁ። ካልሆኑ ዛሬውኑ ፈርመው ይረከባሉ፣ ስንዝር የሚባል ነገር ሁለተኛ እንዳልሰማ!»

«ተወራረድን!»

ታዴዎስ ሜትር ሊገዛ ኢምፔሪያል ሰፈር ሄደ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ልሞክር ብዬ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ቦዩ ውስጥ ገባሁ። ቆየት ብሎ ታዴዎስ ደወለ፤ ባለ ሃምሳ ሜትር አግኝቷል፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው።

ፈቲያ የጉድጓዷ አፍ ላይ ቆማ ነበር። «ጋሼ» አለች ድምጿን ቀንሳ፣ «ዊልቸሩ ስፋቱ ምን ያህል ነው?»

ጋሽ ላጲሶ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አሳዩዋት። እጆቹን ብዙ አየቻቸው፤ ከዚያ ጉድጓዷን አየች።