የሰኞ ገንዘብና የሚስቴ ወንድም ቤት

በዚያ ዘመን፣ ባጃጅ ሀዋሳን መውረር በጀመረበት ሰሞን፣ ገበያው አጠገብ ባለ አንድ የቆርቆሮና የሚስማር መደብር ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ገንዘብ ያዥ ሲባል ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ፤ የያዝኩት የሰው ገንዘብ ነው። የራሴንማ ሚስቴ ነበረች የምትይዘው፤ እሷ ሰው ታውቃለች።

እንዲህ ያለ ሥራ ያለ ዋስ አይገኝም። ለእኔ ዋስ የሆነልኝ የሚስቴ ወንድም ነው። መምህር ነበር፤ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ አንድ ክፍል ሠርቶ ሲያርፍ፣ ሌላ ክፍል ቀጥሎ ሲያርፍ፣ በስንት መከራ ያቆማት ቤት ነበረችው። ካርታዋን አስይዞ ፈረመልኝ። ገንዘቡ ከእጄ ከጠፋ፣ እኔ ብበላውም ሌባ ቢወስደውም፣ ቤቷ አለቀላት ማለት ነው። ፈርሞ ስንወጣ «ጋሼ፣ ልጆቼን ነው የሰጠሁህ» አለኝ።

ቅዳሜና እሑድ የተሸጠው ሰኞ ጠዋት ባንክ ይገባል። አሠሪዬ ደግሞ ብር ሲያወጣ ጣቱ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነበር። ኮንትራት ባጃጅ ልያዝ ስለው «ኮንትራት ስትይዝ ነው ሰው የሚነቃብህ፤ እንደ ሰው ከሰው ጋር ተጭነህ ሂድ» ይለኛል። አብሮኝ የሚሄድ ሰው ስጠኝ ስለው «ጠባቂ ያለው ገንዘብ አለው ማለት ነው» ይላል። መልስ አጥቶ አያውቅም።

ብልሃቱን ከራሴ አፈለቅኩ፤ ብሩን በጋዜጣ ጠቅልዬ ፌስታል ውስጥ፣ ከላዩ ላይ አንድ እስር ጎመን። ከገበያ የሚመለስ ምስኪን ሽማግሌ! በጣም ኮራሁ። በየሳምንቱ ሰኞ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ ወደ ባንክ ጎመን የሚያመላልስ ሰው በከተማው እኔ ብቻ መሆኔን አንድም ቀን አላሰብኩትም። ባንኩ ጎመን የሚቀቅል ይመስል።

አንድ ሰኞ ከመደብሩ ስወጣ፣ ግንብ ተደግፎ ሸንኮራ የሚልጥ ጎልማሳ ቀና አለ። አላውቀውም። ነጭ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ጎንበስ ብሎ በአክብሮት እጅ ነሣኝ።

«እንደምን አደሩ አባባ? ዛሬ ጎመኑ ከበድ አለሳ!»

«እግዜር ይመስገን» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል? ነገሩ ሰላምታ እንዳልሆነ የገባኝ ጥቂት ከሄድኩ በኋላ ነው።

በሳምንቱ ባንኩ ደጃፍ ቆሞ ጠበቀኝ። «ዛሬ ዘገዩ አባባ፤ አሳሰቡን እኮ» አለ።

አሳሰቡን! ማንንና ማንን?

ለአሠሪዬ ነገርኩት። «አንተን? ማን ነው አንተን ዘርፎ ስሙን የሚያበላሽ?» ብሎ ሳቀ። የመደብሩ ሰዎችም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ በራሴ ላይ ሲሳቅ ከኋላ የምቀር ሰው አይደለሁም። ሳቄን ሳልጨርስ ግን፣ ከጎመኑ ሥር ምን እንዳለ የምናውቀው እዚያ የቆምነው ብቻ መሆናችን ትዝ አለኝ። አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁሉም ገና እየሳቁ ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞ ባዶ ባጃጅ መርጬ ገባሁ። ጥቂት እንደሄድን ሹፌሩ ሳይጠሩት ቆመ፤ ያ ባለ ነጭ ሸሚዝ ገባ። «ጠጋ ይበሉልኝ አባባ።» ጠጋ አልኩለት። ወደ ባንኩ የሚወስደው መታጠፊያ መጣ፤ አለፈ።

«ልጄ፣ መታጠፊያው አለፈህ» አልኩት ሹፌሩን።  የመለሰልኝ ባለ ነጭ ሸሚዙ ነው።

«መንገዱ ተቆፍሮ ነው አባባ። በቡሹሎ በኩል እናዞርዎታለን።»

ቡሹሎ ከከተማው ዳር ነው፤ ከገበያ ወደ ባንክ በዚያ የሚያዞር መንገድ እግዜርም አልሠራ! እጁን ቀስ አድርጎ ፌስታሉ ላይ አሳረፈ። ቤቶቹ እየሳሱ ሄዱ፤ በቆሎው መታየት ጀመረ። ስለ ነፍሴ አልፈራሁም ብል ውሸት ነው። ዓይኔ ላይ የመጣችው ግን የምሥራቋ ቤት ናት፤ ያልተለሰነው ግድግዳዋና ሽቦው ላይ የተሰጣው የልጆቹ ዩኒፎርም።

ድንገት ባጃጁ ቆመ። ለቀስተኛ መንገዱን ሞልቶ መጣ። ሬሳ ሲያልፍ መኪና ይቆማል፤ ይህን የማያከብር ሌባ እንኳ ባገራችን አልነበረም።

«ልውረድ» አልኩ።

«ይቀመጡ አባባ፣ አሁን ያልፋል።»

«ሬሳ ሲያልፍ ተቀምጬ?» ድምፄን ከፍ አደረግኩት። ከለቀስተኞቹ መሃል ሴቶች ዞር ብለው አዩን።

«እሺ፣ ዕቃውን ይተዉት። እኔ እጠብቅልዎታለሁ።»

«ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ ይገባል እንዴ?»

ሴቶቹ አሁንም እያዩ ነበር። እጁ ላላ።

ፌስታሉን ታቅፌ ሰልፉ መሃል ገባሁና «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያልኩ ደረቴን ደቃሁ። ለካ ሰዎቹ ፕሮቴስታንቶች ናቸው፤ የሚሸኙት በመዝሙር ነው። ዘማሪዎቹ ሁሉ ባንዴ ዝም አሉ። አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው «ይጽናኑ ወንድሜ፣ እሷ ጌታ ዘንድ ናት» አሉኝ። እሷ! የማለቅሰው ለሚስቴ ወንድም ቤት መሆኑን እንዴት ብዬ ላስረዳ?

ነገሩን በጆሯቸው ሹክ አልኳቸው። ወደ ኋላ አየት አደረጉ። ባጃጁ ዞሮ፣ በሰልፉ ጠርዝ፣ በሰው እርምጃ ይከተለን ነበር። ሽማግሌው አንድም ነገር አልጠየቁኝም። ጠንካራ ጠንካራ ሰዎች ጠሩ፤ እነሱም ልቡ እንደተሰበረ ሐዘንተኛ ግራና ቀኝ ደግፈው ሚኒባስ ውስጥ አስገቡኝና እስከ ባንኩ መስኮት አደረሱኝ። ጎመኑን ለለቅሶ ቤቱ ላክሁ፤ ከውሸቴ ግማሹ እንኳ እውነት ይሁን ብዬ።

ለፖሊስ አመለከትኩ። «ምን ወሰዱ?» «ምንም።» «ታዲያ?» አሠሪዬም «ይኸው ተርፈህ የለ?» አለ። ከመደብሩ ሰዎች በዚያን ቀን የሳቀ አልነበረም።

ከሥራ እንደወጣሁ ምሥራቅ ሄድኩ። «ዋስትናህን አውርድ» አልኩት የሚስቴን ወንድም።

«ተቀየምከኝ እንዴ ጋሼ?»

ሁሉንም ነገርኩት።  «ሰኞ ሰኞ ቤቴ በባጃጅ ስትዞር ነበር በለኛ» አለ። ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር፤ ፊቱን አይቼ ተውኩት።

ማመልከቻ አስገባን። አሠሪዬ ግን ሌላ ገንዘብ ያዥ ከነዋሱ እስኪገኝ ድረስ ሥራውም ከእኔ እንደማይወርድ፣ ዋስትናውም ከሚስቴ ወንድም እንደማይወርድ ቁርጡን ነገረን።

ሰኞ ጠዋት ጎመኑን ትቼ ብሩን በቦርሳ ይዤ ከመደብሩ ስወጣ የሚስቴ ወንድም በሩ ላይ ቆሟል። ክፍሉን ለሌላ መምህር ሰጥቶ፣ ጠመኔ የነካው ጋዋኑን እንደለበሰ ነው የመጣው።

«ቦርሳውን ወዲህ በለው ጋሼ።»

«ኃላፊነቱ የእኔ ነው።»

«ቤቱ ደግሞ የእኔ።»

አንዱን ማንጠልጠያ እሱ፣ አንዱን እኔ ይዘን በእግር ተነሣን። የሰው በግ ሰርቆ የሚሸሽ እንኳ እንደ እኛ አይነቃበትም። ጥቂት እንደሄድን ከኋላችን አንድ ባጃጅ ፍጥነቱን ቀነሰ። አላለፈንም። የሞተሩ ድምፅ ተረከዛችን ላይ ሆነ።

«አትዙር» አለኝ።

አልዞርኩም። ማንጠልጠያው መዳፌን ይቆርጠኛል፤ ባንኩ ገና ሩቅ ነበር።