አንበሳ ያለበት የቡልጋሪያ ወረቀት

ልጅ ሳለሁ፣ ድሬዳዋ፣ ጓሯችን ባለችው ክፍል ሙሴ ዲሞ የሚባል ቡልጋሪያዊ የባቡር መካኒክ ተከራይቶ ይኖር ነበር። አመሻሽ ላይ ከሰሉ ሲግም፣ ፋኖሱ ሲጨስ፣ ስለ አገሩ የወረቀት ገንዘብ ያወራልን ነበር። ለእኔ ያኔ ተረት ነበር።

«መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ወርቅ ብለው ጻፉ» ይላል። «ይዘህ ስትሄድ ባንኩ ወርቅ ይሰጥሃል። ወርቁ ሲመናመን በወርቅ ፈንታ ብር፣ ነጩን ማዕድን፣ የሚል ሌላ ወረቀት አተሙ። ብሩም ረከሰ። ቆይተው በዚያው በብሩ ወረቀት ላይ ወርቅ የሚል ማኅተም መቱበት። ከዚያ ጦርነት መጣ፣ ባንኩ መስኮቱን ዘጋ። አያቴ ሳጥን ሙሉ ወረቀት ታቅፎ ሞተ።»

አንድ ምሽት ወረቀቶቹን አወጣቸው። ዘውድ የደፋ አንበሳ አለባቸው። አባቴ እንደኔው ፊደል አልቆጠረም፤ አንበሳውን ግን ያውቀዋል፣ የእኛም መንግሥት ማኅተም አንበሳ ነበር። ጎንበስ ብሎ ሳመው።

«ሽጥልኝ» አለ።

«ጌታዬ፣ የሞተ ገንዘብ ነው እኮ!»

«አንበሳ ያለበት? ሙሴ፣ አታታልለኝ፤ ለራስህ ልታስቀረው ነው።»

እናቴ ክንዱን ያዘችው። «ተው አንተ ሰው፣ ብሩ የዘነበች መታከሚያ ነው!»

እህቴ ዘነበች ሳንባዋን ታማ ነበር። ያጠራቀምነው ጠገራ ብር የተቀመጠው እሷን ሐረር፣ ሐኪም ዘንድ ለመውሰድ ነበር። አባቴ ግን ወረቀቱን በወርቅ መንዝሮ ከዚያ የተሻለ ሐኪም ሊያስገኝላት አሰበ። ሙሴ ዲሞ ሁለት ምሽት እንቢ አለ። በሦስተኛው ወረቀቶቹን ሰጥቶ ጠገራውን ተቀበለ። ፊቱን በፋኖሱ ብርሃን አየሁት፤ ከእኛ ይልቅ የፈራው እሱ ነበር። በማግስቱ በባቡር ሄደ።

ባንክ ይዘናቸው ስንሄድ ሠራተኛው ወረቀቶቹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና መለሰልን። አልሳቀም። ዘነበች ያ ክረምት ሳይወጣ ሞተች።

አሁን ኦስሎ፣ ሃውገንስቱዋ የሚባል ሰፈር፣ ከልጄ ቤት ነኝ። በቀደም ቴሌቪዥኑ የቡልጋሪያን ሰዎች አሳየ፤ ገንዘባቸው እንደገና ረክሶ፣ በብርዱ ባንክ በር ላይ ተሰልፈዋል።

«አባባ፣ ታውቃቸዋለህ እንዴ?» አለችኝ የልጅ ልጄ።

«አንዱን አውቀዋለሁ» አልኳት። ልነግራት ጀምሬ ተውኩት።

ሙሴ ዲሞ አልዋሸንም። እውነቱን ነግሮን ነው ጠገራውን የወሰደው፤ እኔ እስከዛሬ የምፈራው ይህንን ነው። ዘነበች ያን ሁሉ ምሽት አጠገቤ ተጋድማ፣ እንዳታቋርጠው ሳሏን በነጠላዋ ጫፍ አፍና ታዳምጠው ነበር። ወረቀቱ የሞተ መሆኑ የገባት እሷ ብቻ ትመስለኛለች። አንድም ቀን ግን «አባዬ ተው» አላለችም።